ለሞግዚት በሳምንት 700 ዶላር ካሽ፦ ሒሳቡ፣ ታክሱና የእህት ልጅ የማምጣት ሐሳብ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የ9 ወርና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። እኔ ነርስ ነኝ፤ በሳምንት 3 ቀን የ12 ሰዓት ሽፍት እሠራለሁ፤ ቀኖቹ ይቀያየራሉ። ባለቤቴ ጠዋት 1 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት ይገባል። አንዲት የአገራችን ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ እኛ ጋ እያደረች፣ ባለቤቴ ከወጣበት እስኪመለስ ልጆቹን ልትይዝልን በሳምንት 700 ዶላር ካሽ ተነጋግረናል። የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና አልተወሰነም፤ ወርክ ፐርሚት ግን አላት። ካሽ የምትመርጠውም እሷ ናት። ክፍያው ተገቢ ነው? ታክስ አለብን? ወይስ የባለቤቴን የእህት ልጅ ከአዲስ አበባ በቱሪስት ቪዛ ብናመጣት ይሻላል? ደግሞም አምና ለሌላ ሞግዚት 9,000 ዶላር ገደማ በካሽ ከፍለናል፤ እሱ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ የ700 ዶላሩን ነገር ላስቀድም፤ ሌላው ሁሉ የሚከተለው ከእሱ ነው።

ገንዘቡ በጥቅል ሲጠራ ደህና ይመስላል። ወደ ሰዓት ሲመነዘር ግን ከሕጉ በታች ይወርዳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በቀን 11 ሰዓት ነው፤ በ5 ቀን 55 ሰዓት ይሆናል። 700 ለ55 ሲካፈል 12 ዶላር ከ73 ሳንቲም ነው። የሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው። በዚህ ላይ ከ40 ሰዓት ያለፈው 15 ሰዓት በአንድ ተኩል ይታሰባል። በዝቅተኛው ተመን እንኳ 40 ሰዓቱ 600 ዶላር፣ ትርፍ ሰዓቱ በ22.50 ተባዝቶ 337.50፣ በድምሩ 937.50 ዶላር ሊከፈላት ይገባል። በየሳምንቱ 237.50 ይጎድላታል ማለት ነው፤ በዓመት 12,350 ዶላር። ተለያይታችሁ አንድ ቀን ለስቴቱ የሠራተኛ ቢሮ አቤት ብትል የሚጠየቀው ይህ ገንዘብ ነው፤ ከነተጨማሪ ካሳው። ወረቀት ኖራትም አልኖራትም ለሠራችው ሰዓት ያለው ሕግ ያው ነው።

«እኛ ጋ ስለምታድር፣ ምግቧም ከእኛ ስለሆነ» የሚል መልስ በብዙ ቤት ሰምቻለሁ። ምግብና አልጋ ከደመወዝ የሚታሰብበት መንገድ በሕግ አለ፤ ግን ሠራተኛዋ ወዳ ተስማምታበት፣ ወጪው በመዝገብ ተይዞ እንጂ በግምት አይደለም። ሌላም ነገር አለ። የፌዴራሉ ሕግ እዚያው ቤት ለምታድር ሠራተኛ ኦቨርታይም አያስገድድም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን በዚህ አትተማመኑ፤ ከ40 በላይ ያለውን ሁልጊዜ በአንድ ተኩል አስቡ። ሌሊቱንም አይርሱ። የ9 ወር ሕፃን ሌሊት ይነሳል። የሚነሳለት ማነው? የምትተኛው ሕፃኑ ክፍል ከሆነና ጡጦ የምታዘጋጀው እሷ ከሆነች ያ ሰዓት ሥራ ነው፤ ይመዘገባል፣ ይከፈላል። የእውነት የራሷ የሆነው ሰዓት ብቻ ነው በጽሑፍ ስምምነት ከሒሳቡ የሚወጣው።

አሁን ጥያቄዎን ሳነበው ወዲያው ዓይኔን የያዘው ነገር፦ ለምን 5 ቀን? እርስዎ የሚወጡት 3 ቀን ነው። ባለቤትዎ በእነዚያ ቀናት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ቤት ናቸው፤ ማታ 12 ሰዓት ይገባሉ። የሚያስፈልጋችሁ ሽፋን በቀን 11 ሰዓት ለ3 ቀን፣ በሳምንት 33 ሰዓት ነው። 33 ሰዓት በ21 ዶላር ሲባዛ 693 ይመጣል። ልታወጡት ከተዘጋጃችሁት ገንዘብ ውስጥ ሆናችሁ ከዝቅተኛው ክፍያ 6 ዶላር በላይ ከፈላችሁ፣ ኦቨርታይም የለም፣ ሞግዚቷም 4 ቀን የራሷ ሆነላት። ሁለት ልጆች የሚይዝ ሰው በዚህ አካባቢ በሰዓት 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ቢጠይቅ የሚገርም አይደለም፤ ስለዚህ 21 ልግስና ሳይሆን ገበያው ነው። ሽፍትዎ የሚቀያየር ስለሆነ ቀኖቹን የሆስፒታሉ ፕሮግራም እንደወጣ ያሳውቋት፤ በለውጡ እንዳትጎዳ ግን 33ቱን ሰዓት ዋስትና ይስጧት። እርስዎ ሽፍት ቢሰረዝብዎ የእሷ ክፍያ አይሰረዝ። 5 ቀን መሥራት ከፈለገች የቀሩትን 2 ቀናት ሌላ ቤት መያዝ ትችላለች። ያኔ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሰዓት የሚከፍልና የራሱን ታክስ የሚያስገባ አሠሪ ይሆናል። (ቨርጂኒያ ብትሆኑ በ2026 ዝቅተኛው 12.77፣ ዲሲ ብትሆኑ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95 ዶላር ነበር የምንነጋገረው፤ ወሳኙ ሥራው የሚሠራበት ቤት ያለበት ቦታ ነው።)

ደመወዙን ስትነጋገሩ የምትጠሩት ቁጥር ከታክስ በፊት ያለው ይሁን። «በእጅሽ ይህን ያህል» ተብሎ ከተስማማችሁ የእሷም የታክስ መዋጮ በእናንተ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ጠቡም የሚመጣው የመጀመሪያው ቼክ ቀን ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በእኛ ማኅበረሰብ ያለው ይሉኝታ ነው። «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» ብለን እንጀምራለን። ሕፃን ልትይዝ የመጣችው ሴት በሁለተኛው ሳምንት ወጥ ትሠራለች፣ በሦስተኛው የጎልማሳ ልብስ ትተኩሳለች፣ ቅዳሜ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች። እምቢ ማለት ያሳፍራታል፤ እኛም ስላላጉረመረመች የወደደችው ይመስለናል። ስለዚህ በጽሑፍ ይስማሙ፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን። የሰዓት ክፍያዋ፣ የሥራ ሰዓቷ፣ የክፍያው ቀን፣ ሥራዋ የልጆቹን ምግብ፣ ልብስና ክፍል ብቻ መሆኑ፣ ሌላ ሥራ ከታከለ በፈቃዷና በክፍያ መሆኑ፣ ገና፣ ፋሲካና መስቀል የእረፍት ቀን መሆናቸውና መከፈል አለመከፈላቸው፣ ከታመመች ምን እንደሚሆን፣ ለመለያየት የስንት ሳምንት ማስታወቂያ እንደሚሰጥ ይጻፍበት። ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዱ ቅጂ እሷ እጅ ይቅር።

ታክስ አለባችሁ ወይ? አዎ፣ ያለ ጥርጥር። በቤታችሁ፣ እናንተ በወሰናችሁት ሰዓትና አኳኋን የምትሠራ ሞግዚት የእናንተ ተቀጣሪ ናት፤ በግሏ የምትሠራ ኮንትራክተር አይደለችም። «1099 (ለኮንትራክተር የሚሰጠውን የክፍያ ቅጽ) እንሰጣታለን» የሚለው መንገድ ስህተት ነው፤ የእናንተን ድርሻ ጨምሮ 15.3 በመቶውን በሙሉ በእሷ ላይ ይጭናል። በካሽ፣ በዜል ወይም በቼክ መክፈልም ለውጥ አያመጣም። ለአንድ የቤት ሠራተኛ በዓመት ከወሰኑ በላይ ከከፈላችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) መዋጮ ግዴታ ነው። ወሰኑ በ2025 2,800 ዶላር ነበር፤ በ2026 3,000 ሆኗል። በሳምንት 693 እየከፈላችሁ በአምስተኛው ሳምንት ታልፉታላችሁ።

መዋጮው ከእሷ 7.65 በመቶ፣ ከእናንተ 7.65 በመቶ ነው። ከ693 ዶላር ሲሰላ ከእያንዳንዳችሁ በሳምንት 53 ዶላር ገደማ፤ በእናንተ በኩል በዓመት 2,757 ዶላር ይሆናል። በዚህ ላይ የፌዴራል የሥራ አጥነት ታክስ አለ፤ የስቴቱን በጊዜው ከከፈላችሁ በዓመት ከ42 ዶላር አይበልጥም። የሜሪላንዱ የሥራ አጥነት ኢንሹራንስ በመጀመሪያው 8,500 ዶላር ላይ ብቻ ይሰላል፤ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይደረጋል። ሜሪላንድ በዚህ መጠን ለሚከፈላት የቤት ሠራተኛ የወርከርስ ኮምፕ ኢንሹራንስም ትጠይቃለች። ልጅ አቅፋ ደረጃ ላይ ብትወድቅ ሕክምናዋን የሚሸፍነው እሱ ነው፤ የቤት ኢንሹራንስ ወኪላችሁን በዚህ ሳምንት ደውላችሁ ጠይቁ።

ወጪው የሚያስደነግጥ ከሆነ ሌላኛውን ወገን ይዩ። ሆስፒታልዎ ዲፔንደንት ኬር ኤፍኤስኤ የሚባለውን ጥቅም የሚሰጥ ከሆነ ከ2026 ጀምሮ ጣሪያው ለአንድ ቤተሰብ ከ5,000 ወደ 7,500 ዶላር ከፍ ብሏል፤ አሠሪዎ አዲሱን ጣሪያ ተቀብሎ እንደሆነ ኤችአርን ይጠይቁ። ይህ ገንዘብ ታክስ ሳይነካው ለሞግዚት ይከፈላል። በ22 በመቶ የገቢ ታክስ እርከን ላይ ያለ ቤተሰብ 7,500ውን ሙሉ ከተጠቀመበት ከፌዴራል ገቢ ታክስና ከመዋጮ ወደ 2,200 ዶላር ያተርፋል፤ የእናንተን የ7.65 በመቶ ድርሻ አብዛኛውን ይመልሳል ማለት ነው። አዲስ ሞግዚት መቅጠር በዓመቱ መሐል ለመመዝገብ የሚያበቃ ምክንያት ነውና የምዝገባው ወቅት አልፏል ብለው አይተዉት። ለዚህ ግን የሞግዚቷ ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በታክስ ቅጻችሁ ላይ መጻፍ አለበት። በካሽ እየከፈሉ በድብቅ መቆየትና ይህን ጥቅም መውሰድ አብረው አይሄዱም። ብዙ ቤተሰብ ጥቂት ለማዳን ብሎ ይህን ሁሉ ይተወዋል።

እሷ ካሽ ትመርጣለች ብለዋል። ከሳምንት እስከ ሳምንት ለሚኖርና ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለሚልክ ሰው 53 ዶላር ትልቅ ነው፤ ምርጫዋ ይገባኛል። ግን ቁጭ ብለው ያነጋግሯት። በ2026 በዓመት የሚገኙትን 4 የሶሻል ሴኩሪቲ ነጥቦች ለማሟላት 7,560 ዶላር ይበቃል፤ እሷ በ11 ሳምንት ታልፈዋለች። ለጡረታ 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ 10 ዓመት በካሽ የሠራች ሴት 10 ዓመት ያልሠራች ሆና ነው የምትቆጠረው። በ65 ዓመቷ የሜዲኬርን የሆስፒታል ሽፋን ያለ ወርኃዊ ክፍያ የምታገኘውም በእነዚህ ነጥቦች ነው። ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ገብተው ሥራው ቢቆም የሥራ አጥነት ክፍያ የምትጠይቀው ደመወዟ ለስቴቱ ሪፖርት ከተደረገ ነው። አፓርታማ ለመከራየትም የክፍያ ወረቀት ይጠየቃል። አንድ ቀን ወረቀቷ ተስተካክሎ ወላጆቿን ወይም ባሏን ልታመጣ ስትነሳ ስፖንሰር የምትሆንበት ቅጽ የታክስ ሰነድና ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ የደረሰ ገቢ ይጠይቃታል። ታክስ ያላስገባ ሰው እዚያ ላይ ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ፤ የዓመታት ልፋቱ በወረቀት ላይ የለም። ይህን ካስረዷት በኋላ «ካሽ» ማለቷን የምትቀጥል አይመስለኝም። ብትቀጥልም ግዴታው የእናንተ ነው፤ በእሷ ፈቃድ አይቀርም።

ሕጉ ለቤት ሠራተኛ እንዲህ የቆመው ግን ዘግይቶ ነው። የ1935ቱ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አላካተተም፤ የገቡት በ1950ው ማሻሻያ ነው። ዝቅተኛ ክፍያና ኦቨርታይም የደረሳቸው ደግሞ በ1974። በ1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለጠቅላይ ዓቃቤ ሕግነት ያጯቸው ዞይ ቤርድ ወረቀት የሌላቸው የፔሩ ባልና ሚስት ቀጥረው መዋጮውን እንዳልከፈሉ ሲታወቅ ከዕጩነት ወጡ። ከዚያ ጫጫታ በኋላ በ1994 ኮንግረስ ሕጉን አቀለለው፦ በሩብ ዓመት 50 ዶላር የነበረው ወሰን በዓመት 1,000 ሆነ፤ መዋጮውም ከቤተሰቡ ዓመታዊ የታክስ ቅጽ ጋር በስኬጁል ኤች እንዲከፈል ተደረገ። ዛሬም የምትሞሉት እሱን ነው።

ሥራው ከምታስቡት ያነሰ ነው። ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ከአይአርኤስ፣ ድረ ገጽ የአሠሪ ቁጥር፣ ኢአይኤን የሚሉትን፣ በነፃ ታወጣላችሁ። በሜሪላንድ ለሥራ አጥነት ኢንሹራንስ ትመዘገባላችሁ። በየክፍያው ሰዓቱን፣ ጠቅላላውን፣ የተቀነሰውንና በእጇ የደረሰውን የሚያሳይ ወረቀት ትሰጧታላችሁ። የፌዴራል ገቢ ታክስ ከደመወዟ መቀነስ ግዴታችሁ አይደለም፤ እሷ ደብሊው-4 የሚባለውን የታክስ መቀነሻ ቅጽ ሞልታ ከጠየቀችና እናንተ ከተስማማችሁ ግን ይቀነሳል። እኔ ብትቀንሱላት እመርጣለሁ፤ አለዚያ አፕሪል ላይ በአንዴ ይመጣባታል። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ የዓመቱን ደመወዝና የተቀነሰውን የሚያሳየውን ደብሊው-2 ትሰጧታላችሁ፤ ስኬጁል ኤች ከራሳችሁ ታክስ ጋር እስከ አፕሪል 15 ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ትልቅ ዕዳ እንዳይጠብቃችሁ እርስዎ ወይም ባለቤትዎ በየሥራ ቦታችሁ የሚቆረጠውን ታክስ በወር ጥቂት መቶ ዶላር ከፍ አድርጉት።

ወርክ ፐርሚቷን በተመለከተ፣ ሥራ በጀመረች በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ የመሥራት ፈቃድ ማረጋገጫው አይ-9 ቅጽ ተሞልቶ ሰነዷን በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ። ቅጹን የትም አትልኩትም፤ ቤት ይቀመጣል። ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደምታሳይ የምትመርጠው እሷ ናት፤ «ግሪን ካርድ አምጪ» ማለት ክልክል ነው። ስለ ጥገኝነት ጉዳይዋ መጠየቅም አያስፈልግም፤ ታሪኳ የእሷ ነው። ወርክ ፐርሚቱ የሚያበቃበትን ቀን ግን ካሌንደር ላይ ያስፍሩ፤ ከዚያ ቀን በፊት አዲሱን ማየት አለባችሁ። ይህ በአሁኑ ጊዜ ከበፊቱ ይበልጥ ከባድ ሆኗል። የጥገኝነት አመልካቾች ፈቃድ 5 ዓመት ይሰጥ የነበረው ከዲሴምበር 2025 ወዲህ ወደ 18 ወር ወርዷል፤ ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ የገባ ማደሻም አሮጌውን ፈቃድ በራሱ አያራዝምም። ስለዚህ ማደሻዋን ከማብቂያው 180 ቀን በፊት፣ በሩ እንደተከፈተ እንድታስገባ ያስታውሷት። ፈቃዱ ካበቃ እያወቁ ማሠራት ከ1986 ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው፤ ያን ጊዜ የሥራው መቋረጥ ሁለታችሁንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ የእህት ልጅ። በቱሪስት ቪዛ አምጥታችሁ ልጅ ማስያዝ አትችሉም፤ እባካችሁ አታድርጉት። በዚህ ቪዛ መሥራት ክልክል ነው፤ ክፍያው በእጅ ቢሰጥ፣ ለእናቷ አዲስ አበባ ቢላክ ወይም በምግብና በአልጋ ቢተካ ያው ሥራ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ «ልጎበኝ ነው» ብላ ለሥራ መምጣቷ ከታወቀ በማጭበርበር ተቆጥሮ ዕድሜ ልኳን ሊያግዳት ይችላል። ኤርፖርት ላይ ስልኳ ተፈትሾ የእናንተ መልእክት ቢገኝ ከዚያው ተመልሳ የ5 ዓመት እገዳ ይዛ ልትሄድ ትችላለች። ገብታ ጊዜዋ ካለፈ ደግሞ ከ180 ቀን በላይ ቆይታ ስትወጣ 3 ዓመት፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየች 10 ዓመት መመለስ አትችልም። ለዚህ ሁሉ የሚገኘው ቪዛ ራሱ ከጁላይ 2025 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና 3 ወር የሚያገለግል ነው። ዕድሏን ሁሉ የምታስይዙት ለዚህ ነው።

ከሕጉ በላይ የሚያስፈራኝ የልጅቷ ሁኔታ ነው። አገሩን የማታውቅ፣ ከእናንተ ሌላ ሰው የሌላት፣ ያለ እናንተ የትም መሄድ የማትችል ልጅ በቤታችሁ ትቀመጣለች። እናንተ ደጎች ብትሆኑም ያ ሁኔታ ራሱ ደግ አይደለም። ሕፃኑ ቢወድቅ፣ ብትታመም፣ ብትጣሉ፣ ማን ዘንድ ትሄዳለች? «ፓስፖርትሽ እኔ ጋ ይቀመጥ» ማለት ደግሞ በዘመድ አንደበት ሲነገር እንክብካቤ ቢመስልም፣ ሰውን በሥራ ለማቆየት ሰነድ መያዝ የፌዴራል ወንጀል ነው።

«እከሌ እኮ ሞግዚቷን ከአዲስ አበባ አመጣች» የሚል ወሬ በዚህ አካባቢ ትሰማላችሁ። እውነት ሊሆን ይችላል። ኤ-3 የሚባለው ቪዛ ለዲፕሎማቶች የቤት ሠራተኞች፣ ጂ-5 ደግሞ ለዓለም ባንክ፣ ለአይኤምኤፍና ለመሳሰሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባልደረቦች ሠራተኞች ነው። በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት ለእነሱም ቢሆን የሥራ ውል ይጠየቃል፤ ሠራተኛዋም ቆንስላው ፊት መብቷ ይነገራታል። እርስዎና ባለቤትዎ በዚህ በር አትገቡም።

ኦ ፔር የሚባለው የጄ-1 ፕሮግራም ለልጅቷ ሕጋዊ መንገድ ሊሆን ይችል ይሆናል። ከ18 እስከ 26 ዓመት የሆናት፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች፣ እንግሊዝኛ የምትችል መሆን አለባት። የሚካሄደው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በፈቀደላቸው ኤጀንሲዎች ብቻ ነው። በሳምንት ከ45፣ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አትሠራም፤ የራሷ ክፍል፣ በሳምንት አንድ ቀን ተኩል እረፍት፣ በወር አንድ ሙሉ የሳምንት መጨረሻ፣ በዓመት 2 ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት አላት። የእናንተ የ11 ሰዓት ቀን ከመጀመሪያው ከዚህ ጋር አይገጥምም። ልጃችሁ ከ2 ዓመት በታች ስለሆነም የ200 ሰዓት የሕፃን እንክብካቤ ልምድ ታረጋግጣለች። ዝቅተኛው የሳምንት ክፍያ 195 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ይህ ቁጥር የመጣው 45 ሰዓት በፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ በ7.25 ተባዝቶ ለምግብና ለመኖሪያ 40 በመቶ ተቀንሶለት ነው። እኔ በበኩሌ በሲልቨር ስፕሪንግ ኑሮ ለአንድ ወጣት ይህን ከፍሎ ዓመት ማሠራት ተገቢ አይመስለኝም፤ ማሳቹሴትስ ውስጥም ፍርድ ቤት በ2019 ኦ ፔሮች የስቴቱ ዝቅተኛ ክፍያ እንደሚገባቸው ወስኗል። መንገዱን ከመረጣችሁ ከኢትዮጵያ ይመለምሉ እንደሆነና ዘመድን ከዘመድ ቤት ያስቀምጡ እንደሆነ ኤጀንሲውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ክፍያውንም ከፍ አድርጉ። በሥራ ስፖንሰር ግሪን ካርድ የሚያስገኘው መንገድ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል፤ አሠሪና ሠራተኛ ዘመዳሞች መሆናቸውም ይጠየቃል፣ ይመረመራል። የዛሬው ሕፃን እስከዚያ ፊደል ቆጥሮ ይጨርሳል።

አያት ግን ሌላ ነገር ናት። እናትዎ ሊጠይቁ መጥተው የልጅ ልጃቸውን ቢያቅፉ ዘመድ ጥየቃ ነው፤ የተቀጠረ ሰው ቦታ ለመሸፈን ተብሎ ከታቀደ ግን እዚያው ችግር ውስጥ ይገባል። ግሪን ካርድ ያላቸው እናት ቢኖሩዎትና ቢከፍሏቸው፣ እናንተ ባልና ሚስት አብራችሁ እስካላችሁ ድረስ ከክፍያው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ አይቀነስም፤ ገቢው ግን በእሳቸው የታክስ ቅጽ ላይ ይገባል።

የአምናው 9,000 ዶላር ይስተካከላል፤ ሳይጠየቁ ቀድሞ ማስተካከል ደግሞ ተጠይቆ ከማስተካከል በእጅጉ ይቀላል። ከ2,800 ወሰን በላይ ስለሆነ መዋጮው ነበረበት። ከአምናዋ ሞግዚት ስላልቀነሳችሁ ሁለቱንም ድርሻ እናንተ ትሸፍናላችሁ፦ 15.3 በመቶ፣ 1,377 ዶላር። በማንኛውም ሩብ ዓመት 1,000 ዶላር ከደረሰ የፌዴራል የሥራ አጥነት ታክስም አለ፤ ለስቴቱ በጊዜው ስላልተከፈለ ታክሱን ወደ 42 ዶላር የሚያወርደው ቅናሽ ሊቀነስባችሁ ይችላል፤ እስከ 420 ዶላር ይገምቱ። የመዘግየት ቅጣትና ወለድ ይጨመራል። የአምናው ታክሳችሁ ገብቶ ከሆነ የማረሚያው ቅጽ 1040-ኤክስ ከስኬጁል ኤች ጋር ይገባል፤ ለሜሪላንድም ያለፈው የደመወዝ ሪፖርት ይላካል። ለሴትየዋ ደብሊው-2 ይወጣላታል። ሶሻል ሴኩሪቲ የጎደለ ገቢን የሚያስተካክልበት መደበኛ ጊዜ ገንዘቡ ከተከፈለበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው፤ ስለዚህ የእሷ ነጥቦች ገና አልጠፉም። ደብሊው-2 ሲደርሳት የራሷን ታክስ ማረም ሊኖርባት ስለሚችል ድንገት በፖስታ አይላኩባት። አስቀድመው ይደውሉላት፣ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ይንገሯት፣ ትክክለኛ ስሟን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯንና አሁን ያለችበትን አድራሻ ይጠይቋት፤ ለእሷ ማረሚያ የሚወጣውንም የአካውንታንት ክፍያ እናንተ ቻሉት።